እናትህ የጠጣችው ወተት

ጅቡቲ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለይታገሱ (ባለቤቴ ማለቴ አፌ ስለለመደ ነው)፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ስልክህን ስለዘጋህ በወረቀት ሆነ። ደብዳቤውን የሚሰጥህ ጓደኛህ በዕውቀቱ ነው፤ እኛ እስክንሄድ ጋላፊ ድንበር ኬላ ላይ ከነጭነት መኪናህ ተገትረህ እንደምትጠብቅ የነገረኝም እሱ ነው። አትቆጣው፤ ሰው ነውና አንጀቱ አልቻለም።

ከአዳማ ስንነሳ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ አንተን ይዤ መመለስ። እናትህን ያመጣኋት ለዚያ ነው፤ እኔን ቢሸሽ እሷን አይችልም ብዬ። እሷም ባቡር ላይ "ጆሮውን ይዤ ነው የማመጣልሽ!" እያለች ስትፎክር ነው የመጣችው። ዝማሬ ደግሞ ትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ "ጅቡቲ የታወቀው የግመል ወተት ነው አሉ፤ እንቀምሳለን?" ስትል እናትህ ሦስት ጊዜ አማተበች። "ክርስቲያን ግመል አይቀምስም! ሁለተኛ ስሙን እንዳትጠሪብኝ!" ያንተ እናት አይደለች፣ ባቡሩ በሙሉ ሰማ።

ከናጋድ በታክሲ ካርቲዬ ሲስ የሚሉት ሰፈር፣ በዕውቀቱ የነገረኝን ምልክት ይዘን ደረስን። በሩን ያቺ ካድራህ ከፈተች። ሕፃን አቅፋለች። በዕውቀቱ ሴት አለችው አለኝ እንጂ ልጅ አለው አላለኝም። ግንባሩ ያንተው ነው፣ ቁርጥ። እናትህ "ስሙ ማን ነው?" አለች። "ሙሰዲቅ።" "የክርስትና ስሙስ?" ካድራ ፈገግ ብላ እንድንገባ መንገድ ለቀቀችልን። አሁን አበቃላት አልኩ በሆዴ።

እንግዳ ስትቀበል ወተት እንደምታቀርብ አንተ ታውቀዋለህ። ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ በዚያ ኮልታፋ አማርኛዋ "የግመል ነው። እናት ይጠጣል?" አለችኝ። ጠየቀችኝ እኮ ይታገሱ! ጨዋ ናት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። "እንዴታ፣ ነፍሷ ነው!" አልኳት። እናትህ ስታውቅ ምንጣፉ ላይ ትተፋዋለች፣ ቤቱን ትረግማለች፣ ከዚያ ወዲያ ካድራ የምትባል ሴት ለእሷ ሞታ ተቀበረች ብዬ ነው። አዎ፣ አስቤበት ነው። ደብቄህ ምን ላተርፍ!

ጠጣች። ጭስ ጭስ የሚል ወተት ነው፣ ሽታው እኔ ጋ ይደርሳል። ኩባያውን ጨረሰች። ካድራ ደገመችላት፤ እሱንም ጠጣች። ያኔ አላስቻለኝም። ካድራ ፊት፣ ልጄ ፊት፣ "እማማ፣ የግመል እኮ ነው" አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ጠረገች። "አውቄአለሁ። ላምና ግመል የማልለይ መሰለሽ? ልጄ የሚያድርበት ቤት ነው፤ ልትፋበት ኖሯል?" አለችኝና እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ተቀበለች።

ሰባት ዓመት! ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ሽንት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ሽሮዬን አንድ ቀን ጣፈጠ ብላ አታውቅም፤ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ። ከዚህች ሴት እጅ ግን ሃይማኖቷን ዋጠች፤ ወንድ ልጅ ወልዳልሃለችና! በዚያች ደቂቃ አንተን ተውኩህ። እሷንም።

ዛሬ ጠዋት "ቡላኦስ ገበያ ደርሰን እንመጣለን" ብያት ዝማሬንና ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ሻንጣ ይዞ ገበያ! አልጠየቀችኝም። እዚያው ካድራ ቤት ትቻታለሁ፤ አልመለስላትም። እስቲ ደግሞ አንተ እያት።

የግፊት ክኒኗ ጠዋት ጠዋት አንድ ነው፤ ካልቆሙባት ትደብቀዋለች። ግራ እግሯ አይታጠፍም፤ ስታስነሳት በብብቷ ሥር ግባ እንጂ እጇን አትጎትት። ሲመሽ ትፈራለች። ፈራሁ አትልም፣ ውሃ አምጡልኝ ነው የምትለው። ውሃውን ስጣትና ትንሽ አጠገቧ ተቀመጥ።

ይሄን የምጽፈው ትኬት ቆርጠን ተቀምጠን ነው። ዝማሬ ስጽፍ እያየችኝ ቆየችና "አያቴ እንደማንመለስ ታውቃለች እኮ" አለችኝ። ጠዋት እኔ ጫማዬን ሳስር ጠርታ ስማታለች። "ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ለእናትሽ ንገሪያት፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር በያት" ብላታለች። ልጅ አይደለች፣ ባቡሩ እስኪነሳ መቆየት አልቻለችም።

ከአዳማ ከተነሳን ሦስት ቀን ሙሉ አላለቀስኩም ነበር። ከዚህ በታች ቀለሙ ቢፈስብህ ይቅር በለኝ። መመለስ እችላለሁ፤ ደጅ ታክሲ ሞልቷል። ግን አልመለስም። ተሳፈሩ እያሉን ነው።

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሁለቱንም። እርጅናህን ደግሞ እንደ እናትህ በሰው ቤት ያድርግልህ።

የዝማሬ እናት፣
ፀዳል