ቄስ አየነው በጾም ወተት የጠጡ ዕለት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ወንድሜ ለጋሼ ዓለምነው፤
አሰብ።

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበቴን ያመኛል ብለው ነበር፤ ተሻለዎ ወይስ እንዳለ ነው? እትዬ ያለምወርቅ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ዘንድ ክረምቱ ገብቷል። ዘንገና ዙሪያ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ ከብቶቹም ከበረት የሚወጡት አርፍደው ነው። እናታችን ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። እኔም እዚህ ዳንግላ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ስለ ሆነ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ስለ ጤናችን ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዘንገና ወርጄ ለእናታችን አነበብሁላት። የእኅታችንን የዋጋዬን መርዶ ያረዱዎት የአገራችን ሰዎች ምን ብለው እንደ ነገሩዎት ከጽሑፍዎ ገባኝ። ቄስ አየነው በዐቢይ ጾም ራሳቸው ገድፈው እሷንም አስገደፏት፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ተቆጥቶ በሕማማት ወሰዳት፤ ፍትሐት እንኳ ሳታገኝ ተቀበረች ብለውዎታል። እርስዎም «እኒያ ሰው ደጃችንን እንዳይረግጡ፤ እናታችን ሌላ የነፍስ አባት ትያዝ» ብለው አዘዋል። እኔንም «የሳይንስ ትምህርትህ ቤታችን ክሕደት አስገባብን» ብለውኛል። እናታችን ሰምታ ስትጨርስ «አንተ ነበርህ፤ የሆነውን ጻፍለት» አለችኝ። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ። ያዘንሁበት ወይም የተቆጣሁበት ደብዳቤ አይምሰልዎ። እንዲያው የሆነውን ነው።

ዋጋዬን ሳል የያዛት ከገና በኋላ ነው። እናታችን ብርድ መስሏት ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠቻት። ጥር ሲያልቅ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ እንጂ የለበሰችው አይመስልም ነበር። ጠበል ወሰደቻት፤ ተጠመቀችም፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። እኔ ለጉዳይ ወርጄ ሳያት፣ በማግስቱ በጭነት መኪና ዳንግላ አመጣኋትና ከእኔ ቤት አስቀመጥኋት። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ድሬሰር አቶ ምህረቴ ደረቷን አዳመጠ፤ አክታዋንም ለምርመራ ወደ ደብረ ማርቆስ ላከ። መልሱ ሲመጣ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። አቶ ምህረቴ መርፌ ጀመረላትና ወደ እኔ ዞሮ «መርፌው ብቻውን አያነሣትም። ሰውነቷ አልቋል። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ካላገኘች በከንቱ ነው የምንወጋት» አለኝ። ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ገብቷል።

መርፌውን ያለ አንድ ቃል ተቀበለች። ሰው እንደሚያወራው መድኃኒት እንቢ ያለች አይደለችም። ጠዋት ጠበሏን ትጠጣለች፣ ረፋድ ላይ ክሊኒክ ሄዳ ትወጋለች፤ ሁለቱ ለእሷ ተጣልተው አያውቁም። ወተቱን ግን ከአፏ አላስጠጋችም። እኔ እንደ መምህርነቴ ላስረዳት ሞከርሁ። ነቀርሳ በዓይን የማይታይ ነፍሳት እንደሚያመጣው፣ ሳንባን እንዴት እንደሚበላ፣ ሰውነት ካልተመገበ እንደማይከላከል ነገርኋት። «አይተኸዋል?» አለችኝ። አዲስ አበባ ስማር በማይክሮስኮፕ አንድ ቀን እንዳየሁት ነገርኋት። «አንድ ቀን ባየኸው ይህን ያህል ካመንህ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ የያዝሁትን እንዴት ልልቀቅ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ሲተዋት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «አስማረ፣ የምፈራው ሞቱን አይደለም። ገድፌ ብሞትስ?» የተማርሁበት ቦታ ይህን አላስተማሩኝም።

ስለዚህ ወደ ቄስ አየነው መልእክት ላክሁ። የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ለእኔም ለእርስዎም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። በበቅሎ መጡ። እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም አልተጫነም። ፍትሐ ነገሥቱ ይላል። እኔም የነፍስ አባትሽ ፈቅጄልሻለሁ፤ ጠጪ» አሏት። የወተቱ ኩባያ በርጩማው ላይ ነበር። እሷም በቤታችን ቋንቋ በአገውኛ «አባ፣ አምና በዐቢይ ጾም ተስቦ ጥሎዎት ነበር። ከእናቴ ጋር እየመጣሁ ውሃ የማቀብልዎ እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ወተት ጠጥተዋል?» አለቻቸው።

እኔ ቄሱ ይቆጧታል ብዬ ነበር። «አልጠጣሁም» አሉ። «እንግዲያ እኔን ለምን?» አለቻቸው። እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ «እኔ ያልጠጣሁት ለእግዚአብሔር ብዬ መስሎኝ ነበር። አሁን ስትጠይቂኝ ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አሏት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ኩባያውን አነሡ። አማተቡና ጠጡ። ጋሼ፣ ዓይኔ እያየ ነው። በዐቢይ ጾም፣ ያውም ገና በጠዋቱ፣ መቅደስ የሚገባ ካህን ወተት ጠጣ። ጢማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና የቀረውን ሰጧት፤ «አሁን እኔና አንቺ እኩል ነን። ብትሞቺም ገድፈሽ የምትሄጂው ብቻሽን አይደለም» አሏት። ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጨረሰችው። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማ ነበር።

ቄሱ ወደ አገር እንደ ተመለሱ ማንም ሳይጠይቃቸው ለደብሩ አለቃ ሄደው ተናገሩ። አለቃውም ንስሐ ሰጥተው ከመቅደስ አገዷቸው። እኔ በኋላ ሳገኛቸው «ለታመመ የተፈቀደ ነው ብለው አልነበረም? ለምን አልተከራከሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የተፈቀደው ለታመመችው ነው። እኔ እኮ ጤነኛ ነበርሁ» አሉኝ። በሌላ ነገር አላመካኙም።

ዋጋዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰጠኋትን ሁሉ በላች። ፊቷ ላይ ትንሽ ሥጋ መጣ። ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከጎረቤቴ ከውቢት ጋር ስለ ዶሮዎቿ ትጨቃጨቃለች። አቶ ምህረቴም ተስፋ አለ ይል ጀመር። ለሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ውሰደኝ ብላ በጋሪ ወሰድኋት። ዘንባባዋን ይዛ፣ ከዘንባባ የተሠራውን ቀለበትም በጣቷ አድርጋ፣ ከግንቡ ተደግፋ ቆማ አስቀደሰች። እርስዎ እንደሚያውቁት በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደረሳል። እኔ አጠገቧ ነበርሁ። የራሷን ፍትሐት በጆሮዋ ሰማች ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ የማስበው ጋሪው ይጠብቀን ይሆን ወይ እያልሁ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አሳላትና ደም መጣ። ውቢት ሮጣ አቶ ምህረቴን ጠራችው፤ መጣም፤ የሚያደርገው ግን አልነበረም። ቶሎ ነው ያለቀው። በጭነት መኪና ዘንገና አደረስናትና በአባታችን አጠገብ ቀበርናት። ያለ ፍትሐት ተቀበረች ያሉዎት እውነት ነው፤ በዚያ ሳምንት የሞተ ሁሉ፣ ባለጠጋም ቢሆን፣ እንደዚያው ነው። ቄስ አየነው ከምእመናኑ ጋር ቃሬዛውን ተሸከሙ። አፈር ሲመለስ እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ እያየሁ ነበር። እናታችን ስትጮህ ከሩቅ የሚመጣ የሰው ቤት ልቅሶ መሰለኝ። ከፋሲካ በኋላ ክፍል ገባሁ፤ ተራው የሰው አካል ትምህርት ነበርና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳንባ ሣልሁ። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፤ ደወል ተደወለ፤ ወጣሁ።

አገር ቤት ያሉት ወተቱ ገደላት ይላሉ። እዚህ ደግሞ አብረውኝ ከሚያስተምሩት አንዱ ጾሙ ገደላት፣ ቄሱ ቀድመው ቢመጡ ትድን ነበር ይላል። አቶ ምህረቴን ጠየቅሁት። «ስትመጣም ዘግይታ ነበር» አለኝ። ጋሼ፣ እኔ የገደላት ነቀርሳው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሳትፈራ እንድትሞት ያደረጓት ደግሞ ቄስ አየነው እንደ ሆኑ አውቃለሁ። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን እስካሁን ምንም አላደረገልኝም። ክሕደት ገባ ያሉት ይህን ከሆነ፣ አይመስለኝም። እጸልያለሁ። የምለው ቃል ከአፌ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ግን አይሰማኝም።

የአርባዋ ዕለት ካህናቱ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቄስ አየነው በሩ አጠገብ ከሕዝቡ መካከል ተቀመጡ። እናታችን የእጅ ውሃውን ይዛ ተነሣች። አለቃው እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን በፊታቸው አልፋ በሩ ድረስ ሄደችና መጀመሪያ ቄስ አየነውን አስታጠበች። ከዚያ ተመልሳ አለቃውን አስታጠበች። የእርስዎ ደብዳቤ በኋላ ነው የመጣው፤ እናታችን ግን መልሷን አስቀድማ ሰጥታለች። የነፍስ አባቷን አትቀይርም። እኔም አልቀይርም።

ለጰራቅሊጦስ ቄስ አየነው ንስሐቸውን ፈጽመው ወደ መቅደስ ተመለሱ። እናታችን እንሂድ ስላለችኝ ሄድሁ። ቄስ አየነው የሙታንን ስም በየተራ ሲጠሩ እንደ ሌላው ሰው ቆሜ እሰማ ነበር። «ወለተ ሥላሴ» አሉ። ይህች ደግሞ የማን ቤት ሰው ናት፣ መቼ ሞተች ብዬ ዞር ዞር አልሁ። እናታችን ክንዴን ያዘችና «እኅትህ እኮ ናት» አለችኝ። በክርስትና ስሟ አንድ ቀን እንኳ ጠርቻት አላውቅም ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ግን መነሣት አልቻልሁም።

ለእትዬ ያለምወርቅ ብዙ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ሸጋንና አምሳለን በየጉንጫቸው ይሳሙልኝ፤ አምሳለ አክስቷን ስለማታስታውስ አሁን አይንገሯት። እናታችን «ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ሲደርቅ ና፤ ዓይንህን ልየው» ብላለች። ውቢትም አዝናለች፤ እግዚአብሔር ያጽናህ በልልኝ ብላለች። ለቄስ አየነው ደብዳቤዎ የሚለውን አልነገርናቸውም። እሳቸው ግን ለእርስዎ እንደምጽፍ ሲሰሙ «ዓለምነው ደህና ነው ወይ? ጉልበቱ እንዴት ሆነለት?» ብለው ጠየቁኝ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ በለው» ብለዋል።

ታናሽ ወንድምዎ
አስማረ

ዳንግላ፤ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.