አካታሌፕሲያና የወንድሜ ስልክ

ሰኞ
ቃሉን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት፦ አካታሌፕሲያ። የሰው አእምሮ ምንም ነገር በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም የሚል ሐሳብ ነው። አንዷ ተማሪ፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ፈተናውን በምን ሊያርሙት ነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።
ቴፒ ቡና እርሻ ላይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ስልኩ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው። ዝናብ ነው፤ ኔትወርክ ይሆናል።

ማክሰኞ
ሰፈሩ ተለወጠብኝ። ባለሱቁ ከድር በምደግፈው የኳስ ቡድን ሳያበሽቀኝ ውሎ አያውቅም፤ ዛሬ ስኳሩን መዝኖ ሰጠኝና አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ ከሽማግሌዎች ጋር ቆመው ሲያወሩ ባጠገባቸው ሳልፍ ዝም አሉ። ባለቤቴን ሰናይትን፣ «የሰማሽው ነገር አለ?» አልኳት። «ምን እሰማለሁ?» ብላ ጓዳ ገባች።
ለተማሪዎቼ የሚሻለው ምሳሌ መርዶ ነበር። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አይነገርም፤ ቀን ተቆርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። እስከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለጉዳዩ ብቻ አያውቅም።

ረቡዕ
የወንድሜን አለቃ ቁጥር አገኘሁ። አልደወልኩም። ካልደወልኩ በሕይወት አለ። ፍልስፍና ነው ልል ነበር፤ ፍርሃት ነው።
ማስረጃ፦ የከድር ዝምታ። የሰናይት ጓዳ መግባት። ዛሬ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በእነዚህ ማንንም መክሰስ አይቻልም፤ እንቅልፍ ማጣት ግን ይቻላል።
አመሻሽ ላይ ከጎረቤቴ ከጋሽ በቀለ ጋር እንደወትሮው ዳማ ተጫወትን። ስለ ስልኩ ነገርኳቸው። «ቴፒ ሲዘንብ እንዲሁ ነው» አሉኝ። ጅማ ያለው ልጃቸው ለበዓል እንደሚመጣ እያጫወቱኝ ረቱኝ። ከሰፈሩ ሰው ፊቱን ያላዞረብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ
ወንድሜ ረፋዱ ላይ ደወለ። ስልኩ ዝናብ ገብቶበት ሩዝ ውስጥ ቀብሮት ከርሟል። ሰደብኩት፤ ከዚያ አለቀስኩ።
አሁን የንጋቱን ልጻፍ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። የወንድሜን ስም እስኪጠሩ ጠበቅኩ። «መምህር፣ ልበስና ተከተለን» አሉ ዳኛው። «የጋሽ በቀለ ልጅ እሁድ ዐርፏል። አንተ ፊትህ ያስታውቃል፤ ለዚህ ነው ያልነገርንህ።»
ደስ አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ማፈሩ የመጣው መንገድ ስንጀምር ነው።
ጋሽ በቀለ በራቸውን ከፍተው ሰዎቹን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ወጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።
«አይዞህ ልጄ» አሉ፤ «ወንድምህ ነው?»