የወይዘሪት ኦርቴንሲያ ጓንት ቤትና የጋለሪያው አራት በሮች

እኔ ወይዘሪት ኦርቴንሲያ ማሮታ፣ የኔፕልስ ከተማ ተወላጅ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ፣ ሙያዬ ጓንት ሻጭ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2016 በቶሌዶ ጎዳና ባለው ሱቄ ተቀምጬ፣ ልቤ ደክሞ አእምሮዬ ግን ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ለውል አዋዋዩ ለዶክተር ኢምፓራቶ አስጽፌአለሁ። ስለ አእምሮዬ ጤንነት የሚጠራጠር ቢኖር፣ ዛሬ ጠዋት እጇ ሰባት ቁጥር ሆኖ ሳለ ስድስት ተኩል ካልሸጥሽልኝ ያለችኝን የሚላኖ ሴት አሳፍሬ መልሻታለሁ። ምስክሮቼ በሰፈራችን ባለው ባለ መስተዋት ጣሪያ የገበያ አዳራሽ፣ በጋለሪያው፣ ውስጥ ቡና ቤት ያለው ዶን ካታልዶና የሕንፃችን ዘበኛ ዶና ኑንዚያታ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቀብሬ። አስከሬኔ በቶሌዶ ጎዳና ቀስ ብሎ ይለፍ። ሱቆች አይዘጉ፤ ሟች የሕያዋንን ገበያ ማስተጓጎል አይገባውም። ሣጥኔን የሚሸከሙት ሰዎች ከእኔ ሱቅ ጓንት ያጥልቁ። በናይለን ጓንት የተያዘ ሣጥን ውስጥ አልተኛም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሱቁ። አባታችን ሲሞት ሱቁን ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለኢማኮላታ እኩል አወረሰን። እኛም መካከሉ ላይ የሳንቃ ግድግዳ አቆምን። በእኔ በኩል ጓንት ይሸጣል፣ በእሷ በኩል ጃንጥላ። ሃምሳ ዓመት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም፤ የግድ ሲሆን በደንበኛ አፍ እንላላካለን። የእኔ ድርሻ የስልክ ሽፋን ለሚቸረችረውና በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ለሚሰቅለው ነጋዴ ይሸጥ። ገንዘቡ ለሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ጩኸቱ ለኢማኮላታ ይሁን።

ምክንያቱም ይጻፍልኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚሠራ ራፋኤሌ የሚባል ሰው ወደድኩ። አባቴ አልፈቀደም። ስለዚህ እሑድ እኩለ ቀን ጋለሪያው በር ላይ ተገናኝተን ቄሱ ዘንድ ሄደን ልንጋባ ቆረጥን፤ መልእክቴን ያደረሰችለት ኢማኮላታ ነበረች። እኔ በቶሌዶ በኩል ባለው በር ዝናብ እየደበደበኝ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። እሱ ለካ በሳን ካርሎ ቲያትር በኩል ቆሞ ኖሯል። በጃንጥላ ከልላ ቤቱ ያደረሰችው እህቴ ናት። በሁለተኛው ዓመት አገባችው። ወደ ሌላ በር የላከችው ሆን ብላ ነው።

ይህን ሳስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ የኢማኮላታ ድምፅ መጣ። ውል አዋዋዩ ሊዘሉት ቢፈልጉም ሁሉም እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

«በቅዱስ ጄናሮ፣ ውሸት ነው! ‹በር ላይ› ብለሽ ላክሽኝ እንጂ የትኛው በር እንደሆነ መቼ ነገርሽኝ? ጋለሪያው እኮ አራት በር አለው!»

«እውነቷን ነው፣ አራት ነው፤» አለ ዶን ካታልዶ።

«አንተ ምስክር ነህ፣ ዝም በል!» አልኩት። «ታዲያ አንቺ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዋጥሽው?»

«ልነግርሽ ብመጣ መቀስ ወረወርሽብኝ!»

«አልመታሽም እኮ!»

«ስለሳትሽኝ ላመስግንሽ?»

ኢማኮላታ ዞራ በእኔ ሱቅ በር ገባች። ሃምሳ ዓመት ያልረገጠችው ደጃፍ ነው። እያለከለከች ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ እህቴ፤» አለች። «ነፍሱን ይማረውና ያን እሑድ ሳገኘው እያለቀሰ ነበር። ‹ሐሳቧን ቀይራለች› አለኝ። ‹ሂድና ጠይቃታ› ብለው ኮራ። ኩሩ ነበር፣ ሰነፍም ነበር። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ አምፖል ቀይሮ አያውቅም። ከበር እስከ በር ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ አይሞላም! ዞር ብሎ ላላየሽ ወንድ ነው ዕድሜሽን የጨረሽው?»

 እኔም ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ሴት ልጅ ወንድ ፍለጋ አትዞርም ብዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሌላውን በር ሄጄ አላየሁም። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው። ይጻፍ። ዶና ኑንዚያታ አለቀሰች፤ ይህም ይጻፍ።

ስለዚህ ስለ ነጋዴው የተናገርኩት ይሰረዝ። ድርሻዬን ለኢማኮላታ ልጅ ለፊዮሬንዛ አውርሻለሁ። ይህች ልጅ የእናቷን ቁጣ ችላ፣ ሃያ ዓመት እኔ ዘንድ ጓንት ስትሰፋ ኖራለች። እኔ ግን እልኬን ሳወርስ ስሟን እንኳ ሳላነሣ ልሄድ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልጄ ሆይ፣ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሪ ቦታውን ለይተሽ ተናገሪ፤ የቀረ ቢመስልሽም ተነሥተሽ ፈልጊው።

ሦስተኛ፤ ግድግዳው የእኔን ሞት አይጠብቅ። ዛሬ ይፍረስ።

ተናዛዥ፦ ኦርቴንሲያ ማሮታ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ካታልዶ ስኮቶ (ፊርማ)፣ ኑንዚያታ ፔትሮኔ (ፊርማ)

የውል አዋዋዩ ቃል፦ ኑዛዜው ለተናዛዧ በምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈርሟል። ወይዘሮ ኢማኮላታም ካልፈረምኩ ብለው ነበር፤ የወራሽ እናት ምስክር እንደማትሆን ሲነገራቸው፣ «እንግዲያው እዚህ መገኘቴ ይጻፍልኝ» ብለዋል። ተገኝተዋል። ዶና ኑንዚያታ መዶሻ ካመጡ በኋላ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ግድግዳው ከማን ወገን መፍረስ ይጀምር በሚለው ስላልተስማሙና መዶሻውን መናጠቅ ስለ ጀመሩ፣ ሰነዱን ደጅ ላይ ቆሜ አሽጌአለሁ።

ዶክተር ኢምፓራቶ (ፊርማና ማኅተም)