የተገለበጠ ጉልበት

ኅዳር 4
ዛሬም የበሬ ጉልበት። ከቄራ የመጣ፣ ገና ለብ ያለ። መገጣጠሚያው ላይ አጥንቱን የሚሸፍነውን ነጭ ልም አጥንት በስሱ ቆራረጥኩ። አርባ ቁራጭ፣ የረባው አንድ። በማይክሮስኮፕ አነሳሁት። የኮላጅን ክሮቹ ከታች፣ ከአጥንቱ፣ ቀጥ ብለው ይነሱና ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ይተኛሉ። በአስራ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ ሥራዬ እንዲህ የጠራ ፎቶ አልወጣልኝም።
አለቃዬ ዶክተሩ ከጀርባዬ፦ "ጎሽ እህቴ! ስምሽን ከሥሩ እናሰፍራለን።"

ኅዳር 19
ዶክተሩ ለሐኪሞች ጉባኤ የሚያቀርበውን ጽሑፍ ማተሚያው ላይ አገኘሁት። ፎቶው አለ። ስሜ የለም። "ፎቶ፦ በአቅራቢው"... ጠየቅኩት።
"አንቺ እኮ ቢላዋ ነው የያዝሽው። ሐሳቡ የኔ ነው።"
ቢላዋ? እሺ። ልሳል።

ኅዳር 20
ደግሜ አየሁት። ቦታ እንዲበቃው አጥንቱን ከፎቶው ቆርጦ ጥሎታል። ከዚያ ዘቅዝቆ ለጥፎታል! ልንገረው?

ኅዳር 21
አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 2
ጉባኤው። ከኋላ ተቀመጥኩ። ልም አጥንት ውሃ ይዞ ሊያብጥ ይገፋል፣ የኮላጅኑ መረብ ደግሞ አላላም ይላል፣ ጉልበት ሸክም የሚችለው በዚህ ትንቅንቅ ነው... አሳምሮ አስረዳ። ቃሉም የኔው።
አንዲት አዛውንት የአጥንት ሐኪም እጃቸውን አነሱ።
"ልጄ፣ አጥንቱ በየት በኩል ነው?"
"ከታች ነው፣ ፕሮፌሰር።"
"ታዲያ ክሮቹ አጥንቱ ጋ ተኝተው መፋተጊያው ላይ ቆመዋላ! በዚህ ጉልበት እንኳን ደረጃ፣ በሩ ጋም አልደርስ።"
አዳራሹ ሳቀ። ላቡ እኔ ካለሁበት ታየኝ።
"ፎቶውን ያነሳችው ቴክኒሻኗ ናት" ብሎ ወደኔ ጠቆመ። አሁን ትዝ አልኩት!
ተነሳሁ።
"ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር። የገለበጡት እሳቸው ናቸው።"
ሳቁ ሁለቴ መጣ። መጀመሪያ ለፎቶው፣ ቆይቶ "ገለበጡ" ለሚለው ቃል።

ታኅሣሥ 16
ከሰኞ ጀምሮ ጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ተመድቤያለሁ። ይሁን።
የታረመው ጽሑፍ ወጣ። ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።
"ደስ አለሽ?"
"በጣም እንጂ ዶክተር።"
ስሜ ከፎቶው ሥር፣ የሱ ከገጹ አናት። ሲወጣ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ስሜ ከላይ ሆነ፣ የሱ ከታች። ትንሽ አየሁት... ጉልበቱ ግን ተዘቅዝቋል። እሱን አልቻልኩም።
መልሼ አቀናሁት።