የፈጡር ሰዓት ቅጂ

ኅዳር 19

ጾሙ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። ሆዴ ግን አርባ ቀን የጾመ መስሎታል።

አራት ተኩል ሲሆን ቢሮው እንደወትሮው ጭር አለ። ሁሉም ለፈጡር፣ ለረፋዱ ቁርስ፣ ወጣ። እዚህ ካርቱም ፈጡር ከደረሰ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው አንድ ትሪ ከቦ ካልበላ ቀኑ አይጀመርለትም። የመዝገብ ክፍሏ ኃላፊ ሲት አዋጢፍ በበሩ ብቅ አለች። "ያ እፀገነት፣ ዛሬም ሲያም?" ዛሬም ጾም ነው አልኳት። "ያ ሰላም! እስከ መቼ?" እስከ ገና፣ ኢንሻላህ...

ብቻዬን ስቀር እጄ አያርፍም። የሰርቨሩ ቅጂ የሚቀመጥበትን ዲስክ ከፍቼ አየሁ። የመጨረሻው ቅጂ የሐምሌ ነው። የሐምሌ! ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዲገለብጥ ታዟል። እኛ ደግሞ ጄኔሬተሩን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጥፍተን ነው የምንሄደው። ታዲያ በምን መብራት ይገልብጥ?

የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ፋርማሲ እንደሄደ የተጻፈው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። ቢጠፋስ?

ኅዳር 20

ለመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅታችን ባለቤት ለኡስታዝ ፈድለላ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። "ሐሙስ ኮምፒዩተሮቹን የሚያየው ባሽመሀንዲስ ሙሀነድ ይመጣል። አንቺም ትቀመጫለሽ።"

እኔ? ጸሐፊዋ?

ኅዳር 23

ተቀመጥኩ።

መሐንዲሱ ሙሀነድ ያመጣው ሐሳብ ሁለት ዲስክ ነው። አንዱ ላይ የተጻፈው እዚያው በዚያው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ግን አላስቻለኝም።

"ሰው በስህተት ቢሰርዝስ?"

"እ... ከሁለቱም ይሰረዛል።"

በኢንተርኔት ውጭ አገር እናስቀምጠው አለ ሙሀነድ ቀጥሎ። የእኛ ኢንተርኔት? ኡስታዝ ራሳቸው ሳቁ።

ከዚያ እኔ፦ "በፈጡር ሰዓት እንገልብጥ። ጄኔሬተር አለ፣ የሚጽፍ ሰው የለም። ሞክሬዋለሁ፣ አርባ ደቂቃ ይበቃዋል። ዲስኮቹን እያፈራረቅን አንዱን ሁልጊዜ ከሕንፃው ውጭ እናስቀምጥ።"

የመጋዘኑ አይመን ሳቁን መያዝ አቃተው። "ኮምፒዩተሩም ፉል ሊበላ ነው?"

ኡስታዝ አልሳቁም። "ሁለቱንም እናደርጋለን። ዲስክ ከሞተ የሙሀነድ አለ። ሰው ካጠፋ ያንቺ አለ። ግን በምንፈልገው ቀን ያንቺው ካልተገኘ፣ ወላሂ፣ ወደ ጽሕፈት ሥራሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ እዚህ አትቀመጪም።"

እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ታኅሣሥ 3

ማንም ሳያዘኝ ቅጂውን መልሼ ልክፈተው አልኩ። አልከፈት አለ። የተበላሸ!

ያበደ ሰው መስዬ ምክንያቱን ስፈልግ ዋልኩ። አገኘሁት። አዋጢፍ ፈጡር ሲጠራ መስመሩን ሳትጨርስ፣ መዝገቡን እንደከፈተች ትነሣለች። ትሪ አይጠብቅማ! የተከፈተ መዝገብ ደግሞ በደንብ አይገለበጥም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ "የሚጽፍ የለም" አልኩ እንጂ "ዘግተዋል ወይ" ብዬ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 4

አራት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆምኩ። "ሳይዘጋ የሚወጣ የለም! ያላ!"

አዋጢፍ ተቆጣች። "ሰባት ዓመት ሠርቼ በር ላይ ቆሞ የፈተሸኝ የለም።" ግን ዘጋች። ቅጂውን ወዲያው ከፍቼ አየሁት። ሙሉ ነው!

ታኅሣሥ 7

አዋጢፍ አሁንም አኩርፋለች። አይመንን ግን "ዘግተሃል?" ብላ ስትጮህበት ሰማሁ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 12

ሳልረሳው ልጻፈው።

ጧት ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። የሕፃናት ሽሮፕ፣ አንዱ ምርት ተበላሽቷል፣ ዛሬውኑ ሰብስቡ ይላል። አይመን ደንግጦ ያንን ብቻ ለይቶ ለማውጣት ሲሞክር የሁለት ወሩን ዝርዝር ሰርዞ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ዲስክ ከፈትን... እዚያም ባዶ። ሙሀነድ በስልክ "ማዕሌሽ" ብቻ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ምን ይበል?

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

የትናንቱን ዲስክ ሰካሁ። እመቤቴ ሆይ፣ አታሳፍሪኝ... ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ተከፈተ። ሃያ ሰባት ፋርማሲ፣ ከነስልካቸው!

ተካፍለን ደወልን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃያ ስድስቱ ከመደርደሪያ አንሥተዋል። የቀረው ማዮ ሰፈር ያለው ነበር፣ ስልክ አያነሣም። አይመን ራሱ በሪክሻ ሄደ። አንድ ጠርሙስ ተሽጧል አሉት። ከፋርማሲው ሰው ጋር እስከ ገዛችው እናት ቤት ድረስ ሄዱ። ክዳኑ ገና አልተከፈተም ነበር።

ከትናንት ፈጡር ወዲህ የተጻፈው ጠፍቷል። አይመን ገና ካልተጣለው የመላኪያ ወረቀት እያየ እንደገና ሲጽፍ ዋለ። ሊሄድ ሲል መጣና "ስቄብሽ ነበር" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ኮራሁ። እዚህ ላይ ልጻፈው እንጂ የት እለዋለሁ? በጣም ኮራሁ።

ጥር 9

ዶክተር ሱላፋ የኡስታዝ ወዳጅ ናት፤ ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ትልቅ ቪላ ውስጥ የዓይን ክሊኒክ አላት። የሕመምተኞቿን መዝገብ እንዴት እንደምትጠብቅ የሚመክራት ሰው ፈለገች። ኡስታዝ ሙሀነድንና እኔን ላኩን። ሙሀነድ ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት "መጀመሪያ ባሽመሀንዲሳ ትጠይቅ" አለ። እኔን ነው!

ጠየቅሁ። ስንት ሰዓት ትበላላችሁ? ማን ይዘጋል? መብራት መቼ ይጠፋል? ዶክተሯ የምለውን እየጻፈች ነበር።

ጀብራ ሰፈር ቤታችን ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ካፉሪ ስላት ቀና አለች። እኔን ለማሳደግ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቪላ ለቪላ ልብስ አጥባለች።

"በየትኛው በር ገባሽ?"

"በዋናው።"

"ከፈቱልሽ?"

"ከፍተው ነበር የሚጠብቁኝ፣ እማ።"

ጎንበስ ብላ ጫማዬን አነሣችና አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። ልቀበላት ብል እጄን ገፋችው።

"ተዪኝ" አለች። "የባሽመሀንዲስ ጫማ ነው።"