ከምልክቱ በፊት የገባች «እባክዎ»

ኢንጂነሩ፣

ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን አታንሳው።

ለክሊኒኩ የሠራኸውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉትን የመልእክት ሳጥኖች ጽሑፍ እንዳርም ስትሰጠኝ፣ «ቃሉን እንደወደድክ አድርገው፤ ቀይና ደማቅ ከሚያደርገው ምልክት በፊት ግን አንዲት ፊደል እንዳትጨምር» ብለኸኝ ነበር። «ቀጠሮው ሁሉ ይጠፋል!» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቁጣ መሰለኝና ከምልክቱ ፊት «እባክዎ» ጨመርኩ። ለካ ፕሮግራሙ ምልክቱን መጀመሪያ ላይ ካላገኘው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ቀለሙ ቀርቶ ምልክቶቹ ራሳቸው ሳጥኑ ውስጥ ተዝረከረኩ። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ግራ ሲገባት «አዎ» የሚለውን ተጫነች፤ የሳምንቱ ቀጠሮ ጠፋ።

ትናንት አለቃህ በስልክ «አንተ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?» እያለ ሲጮህብህ ሳህን እያጠብኩ ነበር። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። አንተ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አልክ። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

አውቀህ ነበር?

አለቃህ ዘንድ እየሄድኩ ነው። አፌ ቢተሳሰር ብዬ ነገሩን ሁሉ በሌላ ወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ አስነብበዋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያየሁትን የሥራ መልቀቂያህን እስክመለስ አታስገባ።