የብሔራዊ ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል የነበሩት አቶ ለይኩን ደረበ ሸሕዲ ላይ አረፉ

የሸሕዲ ቅርጫት ኳስ ወዳጆች ማኅበር መሥራቹና አሠልጣኙ አቶ ለይኩን ደረበ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ነዋሪ የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

አቶ ለይኩን በ1950 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ተወለዱ። በ1969 ዓ.ም. ለብሔራዊ ቡድን ተመረጡ፤ በ1973 ዓ.ም. አምበል ሆኑ። ያን ቡድን በራዲዮ የተከታተሉ ሰዎች ዛሬም አምስቱን ተሰላፊዎች በስም ይጠራሉ። አንዱአምላክ ኪዳንን ከቅርጫቱ ሥር፣ አቶ ለይኩንን ደግሞ ከሩቅ በሚያስቆጥሩት ኳስ ያስታውሷቸዋል።

በ1976 ዓ.ም. ቡድኑ አዲስ አበባ ላይ ከሱዳን ጋር ለዋንጫ ተጋጠመ። የእኛ ልጆች በአንድ ነጥብ እየመሩ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ኳስ ወደ ውጭ ወጣ። ዳኛው ለኢትዮጵያ ሰጡ። አቶ ለይኩን ግን እጃቸውን አንሥተው ኳሱ የወጣው እሳቸውን ነክቶ መሆኑን ተናገሩ። ውሳኔው ተለወጠ፤ ሱዳኖችም በዚያችው ኳስ አሸነፉ። በቀጣዩ ምርጫ ስማቸው አልተጠራም። ከቡድን ጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ ለዓመታት አላነጋገሯቸውም።

በ1978 ዓ.ም. የስፖርት መምህር ሆነው ሸሕዲ ተመደቡ። ጀይሉ የተባሉ በያጅ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ሁለት ቀለበት ሠሩላቸው። ልምምዱ ሰሊጥ በሚበጠርበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር፤ ምርት ሲገባ ወለሉን ለቀው አቧራው ላይ ያሠለጥኑ ነበር። ከደጋ ለአጨዳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም ቀጣሪ እስኪያገኙ አብረው ይጫወቱ ነበር።

የቀድሞ ተማሪያቸውና የማኅበሩ ጸሐፊ ወ/ሮ አገኘሽ፣ በዚያ ጨዋታ ስላደረጉት ነገር ተጸጽተው ያውቁ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቀዋቸዋል። አቶ ለይኩንም «ማሸነፍ እፈልግ ነበር። ግን ኳሱ ነክቶኛል» ብለው መለሱ።

በ2015 ዓ.ም. የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ዮሐንስ ከገቡት መካከል የያኔው የሱዳን ቡድን አምበል አቶ ኸሊፋ ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያውቁት ሰው እንዳለ ሲጠየቁ የአቶ ለይኩንን ስም ብቻ ጠሩ። መዝጋቢው የአቶ ለይኩን ተማሪ ስለነበር ወዲያው ደወለላቸው። አቶ ለይኩን በዚያው ቀን በሚኒባስ ሄደው ወደ ቤታቸው አመጧቸው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሁለቱ የሴቶች ቡድናችንን አብረው አሠልጥነዋል። ቡድኑም በ2016 ዓ.ም. የዞኑን ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል።

ሥርዓተ ቀብራቸው ትናንት የካቲት 18 ቀን ሸሕዲ ተፈጽሟል። ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዙፋን፣ ለልጆቻቸው፣ በሕይወት ላሉት የቡድን ጓደኞቻቸው፣ እንዲሁም ከቤተሰባቸው እንደ አንዱ ለሚያያቸው ለአቶ ኸሊፋ መጽናናትን ይመኛል።

የገለጉ ቡድን በሐዘኑ ምክንያት ከሴቶች ቡድናችን ጋር ያለው የእሑዱ ጨዋታ እንዲተላለፍ ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾልን ነበር፤ እናመሰግናለን። ወ/ሮ ዙፋን ግን ልጆቹ እንዲጫወቱ ጠይቀዋል። ስለዚህ ጨዋታው በተያዘለት ሰዓት ይካሄዳል። ቡድኑን አቶ ኸሊፋ ብቻቸውን ይመሩታል።